አሜን ሳይደርስ የሚቆረጥ ስልክ

እውነቱን ልናገር፤ እኔ የሄድሁት ለዓሣው ነው። የእኅቴ ልጅ ማኅሌት ከሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ስብሰባ አለብኝ፣ ንግግር አደርጋለሁ፣ ይምጡና ከኋላ ተቀምጠው ይስሙኝ ስትለኝ መጀመሪያ የጠየቅኋት ምሳ አለው ወይ ብዬ ነው። አለው አለች። ምን ዓይነት ምሳ አልኋት። የቀረሶ ጥብስ አለች። በዚህ ዕድሜዬ ቀረሶ ጥብስ እየተባልሁ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም፤ ነጠላዬን ደርቤ፣ ስልኬን በቦርሳዬ ይዤ ከተፍ አልሁ። ግድግዳው ላይ የስብሰባው ርእስ በትልቁ ተጽፏል፤ «የቴሌኮም አገልግሎት ማቅረቢያ የሶፍትዌር ፕላትፎርሞች የገበያ አዝማሚያ» ይላል። መነጽሬን አድርጌ አንብቤ እስክጨርስ ምሳው የደረሰ መስሎኝ ነበር።

ማኅሌት በቀይ ጫማ መድረኩ ላይ ወጥታ ስትናገር ደስ ትላለች፤ ነገሩ ባይገባኝም አንገቴን ስነቀንቅ ነበርሁ። ድሮ ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንዳንድ ማሽን ለብቻው ይተከል ነበር፣ ለአጭር መልእክቱ አንድ፣ ለድምፅ መልእክቱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ፤ አሁን ሁሉም ባንድ ፕላትፎርም ተጠቃሏል፣ ገበያው የሚሄደው ወደ ኢንተርኔቱ ነው አለች። ይሁን አልሁ። ከዚያ ሥዕሉን ብትለውጠው አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች እየተንከባለለ ሲወርድ አየሁ። «የጥሪ ማሳመሪያ» አለች መስመሩን በጣቷ እያሳየች፣ «አልቆለታል። ሰው አሁን በኢንተርኔት ነው የሚደዋወለው። እኛም ይህን አገልግሎት በወሩ መጨረሻ እንዘጋዋለን።» አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እንዴት ሰው በሰው ባል ላይ ያጨበጭባል?

ነገሩን ላስረዳችሁ። የጥሪ ማሳመሪያ ማለት ወደ አንድ ሰው ስትደውሉ፣ ሰውየው እስኪያነሣ ድረስ በጥሪው ድምፅ ፈንታ ዘፈን ወይም መዝሙር የምትሰሙበት ነው። የሚሰማው ደዋዩ ብቻ ነው፤ ባለ ስልኩ ራሱ አይሰማውም። ወደ እኔ የሚደውል ሰው የሚሰማው የባለቤቴን የይኄይስን ድምፅ ነው። ይኄይስ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ካሴት የለም፣ ቪዲዮ የለም፤ ድምፁን የቀረጹት ልጆች ድርጅታቸውን ዘግተው ኮምፒዩተራቸው የት እንደገባ አይታወቅም። እኛም አልቀዳነውም፤ ሁልጊዜ ያለ መስሎን ነዋ። ቀረሶው መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከዓሣ ግማሹን ተውሁ።

ማኅሌት ፕላትፎርም ፕላትፎርም ስትል እኔ በልቤ የሄድሁት ከዘንባባው ጎዳና ወረድ ብሎ ወደ ነበረው የስልክ ቤት ክፍላችን ነው። አራት ሴቶች ረጅም ወንበር ላይ ተደርድረን፣ ከፊታችን ቀዳዳ የበዛበት ሰሌዳ፣ በእጃችን ገመድ፣ ጆሮአችን ላይ ማዳመጫ። ያን ጊዜ አፍሮ ነበር ፋሽኑ፤ ማዳመጫው ደግሞ አፍሮአችንን መሐል ለመሐል ይሰነጥቀዋል። እሑድ ቀን ቀሚሳችንን አሳጥረን፣ ተረከዙ የረዘመውን ጫማ ተጫምተን በሐይቁ ዳር ስንሄድ፣ ቤልቦተም ሱሪ ለባሾቹ የፋብሪካ ልጆች ጠጉራችንን አይተው የስልክ ቤት ሴቶች መጡ ይሉ ነበር። በሁለት ስሙኒ ሻይና ብስኩት ጠግቦ፣ ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ በነጻ ሰምቶ ወደ ቤት መግባት ነው። ሽቶአችን እንኳ ከሁለት ዓይነት አያልፍም ነበር፤ በጨለማ ማን እንደመጣች በሽቶዋ ይታወቃል።

እና ማኅሌት የዘረዘረችው አገልግሎት ሁሉ፣ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ በእኛ እጅ ነበረ። ዱርቤቴ ያለ ዘመዱን ሊያናግር የፈለገ ሰው ቀደም ብሎ መጥቶ ያስመዘግባል። እኔ ለዱርቤቴዋ ባልደረባዬ እነግራታለሁ፤ እሷ በገበያ ቀን ለሰውየው ጎረቤት ትልክበታለች፤ ሰውየውም በቀጠሮው ጋቢውን አጥቦ ለብሶ ይመጣል። ስልክ ሲያናግር ቆሞ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ። መስመሩ ሲደክም መሐል ገብቼ ቃል እያቀበልሁ አነጋግራቸዋለሁ፤ አንዳንዴማ፣ አይ፣ ባለፈው የነገሩህ ስለ በሬው ሳይሆን ስለ ላሚቱ ነው እያልሁ አርማቸዋለሁ። ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ ለማን መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሁሉን እናውቃለን። መርዶ ሲመጣ መስመሩ ተበላሽቷል ብለን ዘመድ እንዲልኩ እንነግራቸው ነበር። ይህን የሚያደርግ ፕላትፎርም ካለ ማኅሌት ታምጣና ታሳየኝ።

ይኄይስን ያገኘሁት በዚያው በማዳመጫው ውስጥ ነው። የደቅ ልጅ ነው። ደሴቱ ላይ ዜማ ቤት ገብቶ ስንት ዓመት ሲጮኽ ቆይቶ፣ አንድ ቀን እህል ሊያስፈጭ ባሕር ዳር ቢመጣ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው የስልክ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ከማንም በላይ ሲጮኽ አየ። በቃ፣ ልቡ ሄደ። ዜማውን ሳይጨርስ የመስመር ሠራተኛ ሆነ። ሌሎቹ ሠራተኞች መስመር ጠግነው ሲጨርሱ ከእንጨቱ ጫፍ ሆነው «ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ነው የሚሉት። እሱ ያዜማል። መጀመሪያ ቀን ከአንበሳሜ መንገድ ላይ ሲያዜም በጆሮዬ ሲገባ እጄ ላይ የያዝሁት ገመድ ወደቀ። ጨርሶ «ኦፕሬተር፣ ይሰማል ወይ?» አለ። አይሰማም አልሁት። ደገመው። አሁንም አይሰማም አልሁት። ዋሽቼ ነው፤ ከሰማይ የሚመጣ እስኪመስለኝ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ኋላ ሲነግረኝ፣ ከእንጨቱ ሥር ገበሬዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው እስኪጨርስ ይጠብቁ ነበር አሉ። እግሩ እስኪደነዝዝ አምስት ጊዜ አስዜምሁት። መልኩን እንኳ ሳላይ በድምፁ ተጋባን ማለት ይቻላል።

ዓመቱ አለፈ፤ ገመዱም ሰሌዳውም ቀረ፤ ሞባይል መጣ። ሲም ካርድ ያለው ሰው በሸሚዙ ኪስ ስልኩን አስወጥቶ፣ ማንም ባይደውልለትም አውራ ጣቱን እያንቀሳቀሰ በጎዳናው የሚመላለስበት ጊዜ ነበር። እኛ ለቤቱ አንድ ገዛን። ይኄይስ ግን ስልክ ከቤት ይወጣል የሚባለውን ነገር አልተቀበለውም፤ ከሬዲዮው ጎን ጥልፍ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠው፣ ከግድግዳው ጋር በገመድ እንደተሰካ ይውላል። ከዚያ ደግሞ መልእክት የሚላክባቸው ቁጥሮች ጊዜ መጣ፤ ለጤና ምክር ይህን ላኩ፣ ለፍቅር ምክር ያን ላኩ። እኔ ምኑን ነክቼ እንደሆን አላውቅም፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየጧቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ውጤት ይላክልኝ ነበር። ጎረቤቶቼ እየመጡ ይጠይቁኝ ጀመር፤ እኔም እንደ ዐዋቂ እመልስላቸዋለሁ።

ያን ሰሞን በከተማችን ሁለት ክፍል ተከራይተው የጥሪ ማሳመሪያ የሚያዘጋጁ ልጆች ነበሩ። ለዐቢይ ጾም ገበያው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይፈልጋል ብለው የዜማ መምህራንን ለመኑ። መምህራኑ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ደግሞ እውነት ነው፤ ሰውየው ስልኩን ሲያነሣ ዜማው መሐል ላይ በሃሎ ይቆረጣል፣ የተጀመረ ዜማ ሳይደርስ አይቋረጥም አሉ። ልጆቹ እኔ የቀድሞ የስልክ ሠራተኛ ስለሆንሁ ምክር ፍለጋ ወደ ቤቴ መጡ። ይኄይስ ከጓዳ ሰምቶ ወጣና እኔ አዜማለሁ አለ። ደስ አለው፤ ያልጨረሰው ትምህርት ያንገበግበው ነበርና። ፍራሽ ግድግዳው ላይ በተሰቀለበት ክፍል አስገብተው፣ ጋሼ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃናል ቢሉት፣ ሠላሳ ሰከንድማ ትንፋሽ መውሰጃዬ ናት አላቸው። ዜማ እንደ ሱሪ በልክ አይቆረጥም ብሎ ከመጀመሪያው እስከ አሜን ድረስ በዕዝል ሲስበው፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ዶሮ እንዳይጮኽባቸው ይጸልዩ ነበር። በመጨረሻ ሰለቻቸውና ሙሉውን ጫኑት። ገበያውን ልንገራችሁ? ከእኛ በቀር አንድም የወሰደው ሰው አልነበረም።

መከራው ከዚያ ጀመረ። ይኄይስ ለመምህራኑ መልስ ያገኘ መስሎታል፤ ዜማው እንዳይቋረጥ ስልኩን እስከ አሜን ሳይደርስ አለማንሣት ነው፣ አለቀ። ስልኩ ሲጠራ ተነሥቶ ይቆማል። የሚሰማው የስልኩን ጩኸት ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው የት እንደደረሰ ለማወቅ ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ በለሆሳስ አብሮ ያዜማል። እጄን ልሰድድ ስል ጣቱን ያነሣብኛል፤ «የሺ፣ ተዪው፤ ገና አልደረሰም።» ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ በመጀመሪያው ጥሪ ሳነሣ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ እጄ ይቁነጠነጣል፣ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ስልኩ ይቆረጣል። ይኄይስ ኔትወርኩን ይረግማል፤ በእኛ ጊዜ መስመር እንዲህ አይቆረጥም ነበር ይላል። ያልተነሣ ስልክ ደቂቃ ሲሞላው ፕላትፎርሙ ራሱ እንደሚቆርጠው ማን ይንገረው? እኔም አላወቅሁም። በዚህ ዓይነት የጾሙን ግማሽ ማንም ሰው አላገኘንም። ዘመድ ተቀየመ፤ የዕድራችን ጸሐፊ ሞታችሁ ነው ብሎ በር አንኳኳ።

ልጃችን ውባለም በዚያው ሰሞን ወዳጅ ነበራት፤ የአንበሳሜ ልጅ፣ የኮሌጅ መምህር። አባቱ መሪጌታ ፈንቴ የታወቁ የዜማ ሰው ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ እንዲሆን፣ በጾሙ ሽማግሌ ልከው ልጃችንን ሊጠይቁ አስበዋል። ጊዜው ሠልጥኗልና መቼ እንምጣ ብለው አስቀድመው በስልክ ቀጠሮ ይጠይቃሉ። ደወሉ፤ አልተነሣም። በማግስቱ ደወሉ፤ አልተነሣም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ልጁ ፊቱ ጠቁሮ መጣና አባቴ ተቀይመዋል፣ እምቢ ማለት ያባት ነው፣ ስልክ አለማንሣት ግን ንቀት ነው ብለዋል አላት። ውባለም አልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ይኄይስን፣ ልጄን በዜማህ ቆማ ቀር ልታደርጋት ነው ወይ ብዬ ጮኽሁበት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እሱም ልቡ ተሰብሮ፣ ግን የተጀመረ ዜማ እንዴት ይቋረጣል አለኝ። ደረቅ ነው፤ ምን ላድርገው።

በሳምንቱ ጧት ስልኩ ጠራ። ይኄይስ ተነሥቶ ዓይኑን ጨፈነ። መነጽሬን ስፈልግ ቆይቼ ቁጥሩን ባይ የአንበሳሜ ነው። ያን ጊዜ ባሌንም ዜማውንም ረሳሁ፤ መነተፍሁና አነሣሁት።

«ማነሽ አንቺ?» አለኝ አንድ የተቆጣ የሽማግሌ ድምፅ። «ምን ነክቶሽ ነው ያቋረጥሽው?»

«ምኑን፣ አባቴ?» አልሁ።

«ዜማውን ነዋ! ሊደርስ ሲል!»

መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። ማን ቤት እንደደወሉ ትዝ ሲላቸው ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ አፍረውም ነገሩን አጫወቱኝ። ለካ ሦስቱን ቀን የደወሉት ለልጆቹ ጉዳይ ነው፤ ተቆጥተውም ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ያ ሰውዬ ያዜመው እንዴት ነበር ብለው ደወሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ጧት፣ ቀትርና ከሠርክ ጸሎት በፊት ይደውላሉ፤ ሁልጊዜም አሜን ላይ ሊደርስ ሲል ይቆረጥባቸዋል። «እስቲ ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉኝ ልመና በሚመስል ድምፅ፣ «መጨረሻው ላይ ያነሣዋል ወይስ ያወርደዋል?» እኔም ሞኝ አይደለሁም፤ እሱን እንኳ መጥተው ከራሱ አፍ ቢሰሙት ይሻላል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነን አልኋቸው።

እሑድ ሦስት ሽማግሎች መጡ። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በር ላይ ቆሙ። ውባለም ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን አስጠግታለች፤ እኔ ነጠላዬን በጥርሴ ይዣለሁ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ይላሉ ስንል፣ ወደ ይኄይስ ዞረው «እስቲ መጨረሻውን በለው» አሉ። ይኄይስ ዜማ ከመሐል አይጀመርም አለ። እውነት ነው አሉ መሪጌታ። የሚቆርጠው የለምና፣ ተነሥቶ ከስልኩ ይልቅ አርዝሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለቱ ሽማግሎች አንዴ በዚህኛው እግራቸው፣ አንዴ በዚያኛው ይቆማሉ፤ ሽሮው በረደ፤ ስልጆው ላዩ ደረቀ። አሜን ላይ ሲደርስ ከፍ አደረገው፣ ያዘው፣ ያዘው፣ ከዚያ ከታንኳ እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብሎ አወረደው።  መሪጌታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «በእኛ ዘንድ ይነሣል እንጂ አይወርድም» አሉ። በደቅ ይወርዳል አለ ይኄይስ። ማን አስተማረህ፣ እገሌ፣ እገሌንስ ማን አስተማረው እየተባባሉ ክርክሩ ጦፈ። ውባለም ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጊዜ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለች፤ በሦስተኛው እኔም አብሬያት ሳልሁ። ያን ጊዜ መሪጌታ የመጡበት ጉዳይ ትዝ አላቸውና ልጅቱን ባንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቀው፣ ባንድ ቃል ተሰጥቷቸው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውል ስልኩን እኔ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣለሁ። የመሪጌታ ጥሪ ግን አይነሣም፤ ውል ነበረን። የጾም ዜማ መሆኑ ግራ ያጋባቸው አሉ፤ በፋሲካም፣ በሠርጉ ቀንም፣ በእንቁጣጣሽም ለደወለልን ሁሉ ያው ዐቢይ ጾም ነው። የቀረጹት ልጆች ሌላ እንቀይርልዎ ቢሉት ይኄይስ አንዱ ይበቃል አለ። በኋላ መሪጌታ ዐረፉ። ቀጥሎ ይኄይስ። ስልኩ ወደ ቦርሳዬ ገባ። እኔ ታዲያ ከእሱ ወዲህ ክፉ ጠባይ አመጣሁ፤ ጎረቤት ቤት ቡና ስጠራ የሰው ስልክ እዋስና ወደ ራሴ እደውላለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ይጮኻል፤ ስልክዎ እየጠራ ነው ይሉኛል፤ ይጥራ እላለሁ። ልጆቼ እማዬ ስልክ አታነሣም ብለው ያሙኝ ነበር፤ ዘንድሮ ውባለም፣ እማዬ፣ ስደውልልሽ ቶሎ አታንሺ ስትለኝ፣ እሷም ለካ የምትደውለው ለእኔ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ነው በወሩ መጨረሻ የሚዘጋው። ከምሳው በኋላ ማኅሌት ዓሣውን ለምን ተዉት፣ አመመዎት ወይ ብላ ብትይዘኝ ሁሉን ነገርኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። አገልግሎቱን ማስቆየትም ሆነ ድምፁን ከፕላትፎርሙ ማውጣት የእሷ ሥልጣን አይደለም፤ ግን ክንዴን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ሰው ወደማይደርስበት ጥግ ወሰደችኝ። የራሷን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ እኔ ደወለች፤ የባልደረባዋን ስልክ ደግሞ መቅረጫ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አስጠጋችው። የእኔን ስልክ ጩኸቱ እንዳይሰማ ዘጠኝ ጊዜ በነጠላዬ ጠቅልላ አራቀችው። አይንቀሳቀሱ አለችኝ። ይኄይስ ጀመረ። ውኃው ዳር ላይ ሲሆን ድምፁ እንዴት ያምራል! ያቺ አልቆለታል ያለች ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እየሳበ፣ እየሳበ መጣ፤ አሜን ላይ ሊደርስ ሲል ቍርጥ አለ፤ ያቺ የተለመደችዋ ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪውን አላነሡም» አለች።

እኔ እንጃ ምን እንደያዘኝ። ዜማ ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ድምፄም ሃሎ ከማለት በቀር ለምንም ያልተፈጠረ ነው። ግን የቀረችውን ቃል እዚያ ከእኔ በቀር የሚያውቃት ሰው የለም። አሜንን ከፍ አደረግሁት፤ ያዝሁት፤ ትንፋሼ እስኪያልቅ ያዝሁት፤ ከዚያ ቀስ ብዬ እንደ ደቆች አወረድሁት። አንድ ታንኳ ቀዛፊ መቅዘፉን ትቶ አየኝ።

ማኅሌት ዓይኗን ጠርጋ የተቀረጸውን መልሳ ብታሰማኝ፣ መጀመሪያ ይኄይስ፣ ቀጥሎ ያቺ ሴት፣ ከዚያ የእኔ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ተከታትለው ወጡ።

«አክስቴ፣ የእርስዎም ድምፅ ገብቶበታል» አለችኝ። «ልቍረጠው?»

«ተዪው» አልኋት። «አሁን ደረሰ።»